የሕፃናት ካንሰርን በፕሮቲን ትንተና የሚመረምር የዶክትሬት ጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው በዚህ ዘርፍ ሦስተኛ ዲግሪ ለመሥራት የሚያስብ የባዮኬሚስትሪ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ፣ የፋርማሲ ወይም የሕክምና ምሩቅ ነው። ሁለተኛው የልጁ ናሙና ለምርምር እንዲውል ፈቃዱን የተጠየቀ ወላጅ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከሕፃናት ካንሰሮች ሁሉ በብዛት ከሚታየው ከአጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ነው። ከአንጎልና ከሌሎች ዕጢዎችም የተጨመሩ አሉ።

ዘረመሉ ከተነበበ ፕሮቲኑን መለካት ለምን ያስፈልጋል?

በሕፃናት ካንሰር ዘረመሉ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ጥቂት ስለሆነ ነው። የአዋቂ ካንሰር፣ ለምሳሌ የአጫሽ ሰው የሳንባ ካንሰር፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ብዙ የጂን ለውጥ ይዞ ይገኛል። የሕፃን ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ለውጦች የሚነሣ ነው። በኢዊንግ ሳርኮማ፣ ማለትም በአጥንትና በለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ላይ በሚነሣ ካንሰር፣ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ዋናው ለውጥ ኢደብልዩኤስአር1 የተባለው ጂን ከኤፍኤልአይ1 ጋር መጋጠሙ ነው፤ ይህን ጥምር ፕሮቲን በቀጥታ የሚያግድ በመደበኛ ሕክምና ላይ የዋለ መድኃኒት ደግሞ የለም። ጂኑን አውቆ ሕክምናውን አለማግኘት ማለት ይህ ነው።

ከጂን ወደ ፕሮቲን ያለው መንገድም ቀጥ ያለ አይደለም። የጂኑን መልእክት ወደ ፕሮቲን የሚያደርሰው አርኤንኤ በዝቶ ፕሮቲኑ የሚያንስበት፣ አርኤንኤው ሳይለወጥ ፕሮቲኑ ቶሎ እየፈረሰ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ፕሮቲኑ ላይ የፎስፌት ቡድን ሲለጠፍበት ሥራው ሊጀምር ወይም ሊቆም ይችላል፤ ይህን ዲኤንኤውም አርኤንኤውም አያሳይም። ፊላደልፊያ ክሮሞሶም (የሁለት ክሮሞሶሞች ቁራጭ ቦታ ተለዋውጦ የሚፈጠር) ያለበትን ሉኪሚያ ሕክምና የለወጠው ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት የሚያግደው ይህንኑ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው።

በ2020 ሴል በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ሰባት ዓይነት የሕፃናት አንጎል ዕጢ፣ በድምሩ 218 ናሙና፣ በዘረመልም በፕሮቲንም መርምሯል። ክራኒዮፋሪንጂዮማ ከተባለው ዕጢ ከፊሉ ቢራፍ ቪ600ኢ የሚባለው የጂን ለውጥ ሳይኖርበት በፕሮቲኑና በፎስፌቱ ግን ለውጡ ያለባቸውን ዕጢዎች መስሎ ተገኘ። ይህ ለእነዚያ የሚሰጠው መድኃኒት ለእነዚህም ይሞከር ወይ የሚል ጥያቄ አስነሥቷል። በጂን ምርመራ ብቻ ቢሆን ጥያቄው አይነሣም ነበር።

ይህ ማለት ግን የዘረመል ምርመራ ይቅር ማለት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ናሙና ላይ ጎን ለጎን ሲሠሩ ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ለሕክምና ውሳኔ የሚያገለግል የፕሮቲን ምርመራ አሁን አለ ወይስ ገና በምርምር ላይ ነው?

አለ፤ ብዙዎቹም ለረጅም ጊዜ የኖሩ ናቸው። አዲሱ ነገር በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን በአንድ ጊዜ መለካቱ ነው። የዶክትሬት ተማሪ አዲሱን ከመጀመሩ በፊት ነባሮቹ የሚሳሳቱበትን ቦታ ቢያውቅ ብዙ ይጠቀማል።

በሄፓቶብላስቶማ፣ ማለትም በትንንሽ ልጆች የጉበት ካንሰር፣ አልፋ ፌቶፕሮቲን በአብዛኞቹ ታማሚዎች ደም ውስጥ በጣም ከፍ ይላል፤ ሕክምናው ሲሠራ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ጤነኛ ጨቅላም ሲወለድ ይህ ፕሮቲን በደሙ ውስጥ እጅግ ብዙ ነው፤ ወደ አዋቂ መጠን የሚወርደው ወደ አንደኛ ዓመቱ ሲጠጋ ነው። የሦስት ወር ሕፃንን ውጤት በአዋቂ መለኪያ ያነበበ ሰው የሌለ ካንሰር ያያል።

በራብዶይድ ዕጢ፣ ማለትም በትንንሽ ልጆች በሚታይ ብርቱ ካንሰር፣ የፓቶሎጂ ባለሙያው የሚፈልገው አይኤንአይ1 የተባለው ፕሮቲን ከዕጢው ሕዋሳት ኒውክሊየስ መጥፋቱን ነው። እዚያው ስላይድ ላይ ያሉት የደም ሥር ሕዋሳትና ሊምፎሳይቶች ግን ቀለም መያዝ አለባቸው። እነሱም ካልያዙ ማቅለሙ አልሠራም ማለት ነው፤ ፕሮቲኑ ጠፍቷል ብሎ መጻፍ አይቻልም።

በሉኪሚያ ደግሞ ሕክምናው ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ መቅኔ ተወስዶ በፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ማለትም ሕዋሳትን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ በሚለይ መሣሪያ፣ ይታያል። በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ሲዲ19፣ ሲዲ10፣ ሲዲ34ን የመሳሰሉ ፕሮቲኖች በፀረ እንግዳ አካል ተለይተው ሐኪሞች ኤምአርዲ የሚሉት ቀሪ በሽታ ይቆጠራል። በብዙ ፕሮቶኮሎች (የሕክምና ዕቅዶች) ወሳኙ መስመር 0.01 በመቶ ነው፤ ይህም ከ10,000 ሕዋስ አንድ የሉኪሚያ ሕዋስ ማለት ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት መጀመሪያ የተሳበውን መቅኔ ለሌላ ምርመራ ሰጥቶ ለፍሎው ሳይቶሜትሪ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን መላክ ነው። ኋላ የተሳበው በደም የቀጠነ ስለሆነ ቀሪው በሽታ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይነበባል፤ ልጁም ከሚያስፈልገው የቀለለ ሕክምና ሊሰጠው ይችላል።

መድኃኒቱ ራሱ ፕሮቲን የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የሉኪሚያ መድኃኒት የሆነው አስፓራጂኔዝ ኢንዛይም ነው፤ አንዳንድ ልጆች ያለምንም የአለርጂ ምልክት ፀረ እንግዳ አካል ያመርቱበትና መድኃኒቱ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ይህ የሚታወቀው ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት በደም ውስጥ ያለውን የኢንዛይም እንቅስቃሴ በመለካት ብቻ ነው፤ በተለምዶ በሚሊሊትር ቢያንስ 0.1 ዩኒት እንዲሆን ይፈለጋል። መርካፕቶፒዩሪን የተባለውን ሌላ የሉኪሚያ መድኃኒት መጠን ለመወሰን መድኃኒቱን የሚያፈርሰው የቲፒኤምቲ ኢንዛይም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲለካም ቅርብ ጊዜ ደም የተሰጠው ልጅ ውጤት የለጋሹን ኢንዛይም የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የጂን ምርመራው ይሻላል።

ጥሩ የዶክትሬት ጥያቄ ምን ይመስላል?

ጠባብ ነው፣ መልሱም አንድን የሕክምና ውሳኔ ሊለውጥ የሚችል ነው። «የሕፃናት ሉኪሚያ ፕሮቲኖችን ማጥናት» ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «የቢ ሕዋስ ሉኪሚያ ይዟቸው በመጀመሪያው የሕክምና ምዕራፍ ማብቂያ ቀሪ በሽታቸው ከ0.01 በመቶ በላይ የሆነ ልጆች፣ ሕክምና ሳይጀምሩ በተወሰደ መቅኔያቸው ውስጥ የትኞቹ ፕሮቲኖች ከሌሎቹ ይለያሉ?» ቢባል ግን ናሙናው፣ የማነጻጸሪያው ቡድንና የመለኪያው ቀን ሁሉ ተለይቶ ይታወቃል።

የታማሚውን ቁጥር ቀድሞ ማስላት የግድ ነው። የበለጸጉ አገሮች ዘመናዊ ፕሮቶኮል 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን የዚህ ሉኪሚያ ታማሚዎች ያድናል። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ሆኖም በአንድ ሆስፒታል በአራት ዓመት ውስጥ ሉኪሚያው የሚያገረሽባቸው ልጆች ጥቂት ይሆናሉ። ስለዚህ ማገርሸትን የሚያጠና ተማሪ አዲስ ናሙና ሲጠብቅ ዓመቱ ያልቅበታል፤ ከባዮባንክ፣ ማለትም ናሙና ተሰብስቦ ከሚጠበቅበት ማዕከል፣ የተቀመጠ ናሙና መጠየቅ አለበት። እንደ ኦልቱጌዘር ያሉ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ፕሮቶኮሎች የተቋቋሙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የባዮባንክ ፈቃድ ወራት ስለሚፈጅ ማመልከቻው በመጀመሪያው ዓመት መግባት አለበት።

ናሙናው እንዴት ይወሰድ? ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው?

ከዚህ ገጽ አንድ ክፍል ብቻ የሚነበብ ከሆነ ይህ ይነበብ። በልጁ አልጋ አጠገብ ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍል የጠፋውን ምንም ያህል ውድ ማሽን አይመልሰውም።

በሉኪሚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ስቴሮይድ ወስዷል ወይ የሚለው ነው። ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ዴክሳሜታሶን የሉኪሚያ ሕዋሳትን በሰዓታት ውስጥ መለወጥ፣ በቀናት ውስጥ መግደል ይጀምራል። ወደ ካንሰር ማዕከል ከመምጣቱ በፊት ለሳል፣ ለአንገት እብጠት ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ስቴሮይድ የታዘዘለት ልጅ ናሙና «ከሕክምና በፊት» ተብሎ ከተመዘገበ ተመራማሪው የሚያየው የሉኪሚያውን ሳይሆን የመድኃኒቱን አሻራ ነው። የሪፈር ወረቀቱን ማንበብ፣ ወላጅን መጠየቅ፣ መልሱንም መመዝገብ ያስፈልጋል።

መቅኔው ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ ቱቦ፣ በተለምዶ በኢዲቲኤ፣ ይወሰዳል። ለምርምር ከ2 እስከ 3 ሚሊሊትር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ለምርመራ የሚያስፈልገው ግን ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው። ከዚያ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ፊኮል በተባለ ከባድ ፈሳሽ ላይ በሴንትሪፉጅ ይለያሉ። ቀይ የደም ሕዋስ በደንብ ካልተወገደ የሄሞግሎቢን ፔፕታይዶች (የፕሮቲን ቁርጥራጮች) ፕሮቲን የሚለካውን ማሽን፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩን፣ ያጥለቀልቁትና በጥቂቱ ያሉት ፕሮቲኖች ይሸፈናሉ። ሕዋሳቱ በቀዝቃዛ ፎስፌት ቡፈር ሁለት ጊዜ ይታጠቡ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ብቻ ከታጠቡ ከፕላዝማው የተረፈው አልቡሚን አብሮ ይገባል። ምን ያህሉ የሉኪሚያ ሕዋስ እንደሆነ ተቆጥሮ ይመዝገብ። 90 በመቶ ሉኪሚያ የሆነን ናሙና 40 በመቶ ከሆነ ጋር ማነጻጸር በአብዛኛው የጤነኛ ሕዋሳትን ብዛት ማነጻጸር ነው።

ከአንድ ሚሊዮን የሉኪሚያ ሕዋስ የሚገኘው ፕሮቲን በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮግራም ነው። ማሽኑ በአንድ ዙር የሚፈልገው ከአንድ ማይክሮግራም አይበልጥም፤ ስለዚህ ለተራ ልኬት አንድ ሚሊዮን ሕዋስ ብዙ ነው። ፎስፌት የተለጠፈባቸውን ፔፕታይዶች ለይቶ ለማጥናት ግን በተለምዶው አሠራር በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም ይጠየቃል። ናሙናው ሲመጣ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ሕዋስ በያዙ ትንንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ በደረቅ ጥቅል መልክ፣ ያለፈሳሽ፣ መቀዝቀዝ አለበት። ሁሉ በአንድ ቱቦ ከተቀመጠ ለእያንዳንዱ ሥራ ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ ይመጣል፤ በየጊዜው ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም ይለቀቃሉ።

በዕጢ ላይ ጠላቱ ሰዓት ነው። የደም ሥሩ ከተቆረጠበት ቅጽበት ጀምሮ ሕብረ ሕዋሱ ኦክስጅን ያጣል፤ ፎስፌቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። ከዕጢው የአተር ፍሬ የሚያክል ቁራጭ በ30 ደቂቃ ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን እንዲቀዘቅዝ፣ ከዚያም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ እንዲቀመጥ ይደረጋል። የተቆረጠበት ሰዓትና የቀዘቀዘበት ሰዓት ለየብቻ ይጻፉ። አንዱ ናሙና በ10 ደቂቃ፣ ሌላው በሁለት ሰዓት ከቀዘቀዘ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የካንሰሩ ይሁን የመጓጓዣው መለየት አይቻልም። ጎን ለጎን ያለ ቁራጭ ለፓቶሎጂ ይላክ፤ የሞተ ሕብረ ሕዋስ የሞላበት ቁራጭ ሳይታወቅ ወደ ማሽኑ እንዳይገባ ያደርጋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ማቀዝቀዣው የራሱ የሙቀት መመዝገቢያና ወደ ስልክ የሚደውል ማንቂያ ያስፈልገዋል። ጄኔሬተር መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቅዳሜ ሌሊት ማን ያስነሣዋል የሚለው መልስ አስቀድሞ ይታወቅ።

በፎርማሊን ተነክሮ በፓራፊን የተቀመጠ አሮጌ ናሙናስ?

ይሠራል። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ በጠንካራ ዲተርጀንት ውስጥ 95 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ገደማ ሲሞቁ አብዛኛው ማጣበቂያ ይፈታል። ለፕሮቲን መጠን ልኬት ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ለፎስፌት ግን በፎርማሊን ከመነከሩ በፊት የነበረው ሰዓት ብዙ ጊዜ ስላልተመዘገበ ውጤቱን ማመን ይከብዳል። በየሆስፒታሉ ፓቶሎጂ ክፍል ለዓመታት የተቀመጠ ብሎክ መኖሩ ለተማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ የታማሚው የሕክምና ውጤት አብሮት እስካለ ድረስ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ምን ይደረጋል?

ሕዋሱ በዲተርጀንት ወይም 8 ሞላር በሆነ ዩሪያ ይፈርሳል። ዩሪያ የያዘ ናሙና ከ37 ዲግሪ በላይ አይሙቅ፤ ዩሪያው ፈርሶ ፕሮቲኑ ላይ የሚለጠፍ ውህድ ይፈጥራልና። የፕሮቲኑ መጠን ይለካል፤ ለሁሉም ናሙና እኩል መጠን፣ ለምሳሌ 20 ማይክሮግራም፣ ይወሰዳል። በዲቲቲ የሰልፈር ድልድዮቹ ይፈታሉ፤ ተመልሰው እንዳይያያዙ በአዮዶአሴታማይድ ጨለማ ውስጥ ለ20 እስከ 30 ደቂቃ ይዘጋሉ። አዮዶአሴታማይድ ብርሃን ያበላሸዋል፤ በየዕለቱ ትኩስ ይዘጋጅ።

ከዚያ ትሪፕሲን ይጨመራል፤ ለ50 ማይክሮግራም ፕሮቲን አንድ ማይክሮግራም፣ በ37 ዲግሪ፣ ሌሊቱን። ትሪፕሲን ፕሮቲኑን ከላይሲንና ከአርጂኒን ቀጥሎ እየቆረጠ ማሽኑ ሊያያቸው የሚችላቸውን ፔፕታይዶች ያወጣል። ዩሪያው ከ2 ሞላር በታች ካልቀጠነ ኢንዛይሙ ይዳከምና ያልተቆረጡ ቦታዎች ይበዛሉ። ፔፕታይዶቹ ሲ18 በተባለ ፔፕታይድ በሚይዝ ማጣሪያ ላይ ከጨው ይጸዳሉ፤ ይደርቃሉ። በመጨረሻ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ተለያይተው ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር ይገባሉ። የአንድ ናሙና ዙር እንደ ማሽኑ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ጥሩ የዕጢ ወይም የሕዋስ ናሙና 8,000 እና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይሰጣል።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ብልሽቶች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው ከቆዳና ከፀጉር የሚገባው ኬራቲን ነው፤ የሱፍ ልብስ፣ ክዳኑ ሳይዘጋ የቀረ ቱቦና ያለጓንት መሥራት ያመጡታል። ሁለተኛው ትሪተንና ትዊን ከተባሉ ዲተርጀንቶች የሚመጣ ፖሊመር ነው፤ ግራፉ ላይ በ44 ዳልተን ልዩነት እኩል የተደረደሩ ጫፎች ከታዩ እሱ ነው፣ ናሙናውም ብዙ ጊዜ አይድንም። ሦስተኛው በደንብ ሳይወገድ የቀረ ኤስዲኤስ የተባለ ዲተርጀንት ሲሆን የክሮማቶግራፊውን መለያየት ያበላሻል፣ የማሽኑንም ንባብ ያዳክማል። ስለዚህ በየጥቂት ናሙናው መካከል ይዘቱ የታወቀ የማነጻጸሪያ ናሙና ይሂድ፤ የፕሮቲኑ ቁጥር በድንገት ሲወርድ የታማሚ ናሙና ከመጨመር በፊት ማሽኑ ይጽዳ።

ከመቅኔ ወይም ከዕጢ ይልቅ ደም ብቻ ወስዶ መሥራት አይቻልም?

ለልጁ ቢቻል መልካም ነበር። የፕላዝማ ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ አልቡሚን ነው፤ በብዛታቸው የሚታወቁ ሃያ የሚሆኑ ፕሮቲኖች አብዛኛውን ይዘት ይይዛሉ፣ ከካንሰሩ የወጣው ደግሞ ከእነሱ በሚሊዮኖች እጥፍ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ ኢንፌክሽን፣ የምግብ እጥረትና ትኩሳት የፕላዝማውን መልክ ይለውጣሉ። «የካንሰር ምልክት» ተብሎ የተዘገበ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ የትኩሳት ምልክት ሆኖ ይገኛል፤ ማነጻጸሪያው ጤነኛ ልጅ ብቻ ከሆነ ይህ ስሕተት አይታይም፤ ስለዚህ ካንሰር የሌለባቸው ግን የታመሙ ልጆችም መግባት አለባቸው።

ከማሽኑ የወጣው ቁጥር የት ላይ ያታልላል?

ቅደም ተከተሉ ላይ። ሉኪሚያው ያገረሸባቸው ልጆች ናሙና በመጀመሪያው ሳምንት፣ የዳኑት በሁለተኛው ከተሠራ፣ በሁለቱ ሳምንታት መካከል የማሽኑ ስሜት የተለወጠው ሁሉ የበሽታው ልዩነት መስሎ ይወጣል። ይህን በስታቲስቲክስ ማረም አይቻልም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ናሙናዎቹ ከመዘጋጀታቸው በፊት በዕጣ ይደባለቁ፣ ዝርዝሩም ይቀመጥ።

ቀጥሎ ብዛቱ። 8,000 ፕሮቲን በ0.05 ወሰን ከተፈተነ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ 400 የሚሆኑ «ግኝቶች» በአጋጣሚ ይወጣሉ። ለዚህ ነው የሐሰት ግኝት መጠን የሚታረመው። ፕሮቲኖቹ ሲለዩም ሆን ተብሎ የተሠራ የሌሉ ፕሮቲኖች ዝርዝር አብሮ እየተፈለገ ስሕተቱ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል።

ሦስተኛው ባዶ ቦታ ነው። አንድ ፕሮቲን በአንድ ናሙና ውስጥ ካልተገኘ ጨርሶ ስለሌለ ወይም ማሽኑ ስላላየው ሊሆን ይችላል። ባዶውን ሁሉ በዜሮ የሞላ ሰው ሐሰተኛ ልዩነት ይፈጥራል።

በ30 ልጆች ናሙና ላይ የተሠራ ትንበያ በእነዚያው 30 ልጆች ላይ ተፈትኖ 95 በመቶ ትክክል ሆነ ቢባል ምንም አልተባለም። ፈተናው ከሌላ ሆስፒታል በመጡ፣ ፕሮቲኖቹ ሲመረጡ ባልነበሩ ልጆች ላይ መሆን አለበት። የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይህን ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው።

ግኝቱ ወደ መድኃኒት የሚደርሰው እንዴት ነው?

በብዙ ሰው እጅ እያለፈ ነው፤ አንድ የዶክትሬት ጥናት መንገዱን ከዳር ዳር አይሄደውም። መጀመሪያ የተመረጡት ጥቂት ፕሮቲኖች በሌላ ዘዴ ይረጋገጣሉ፤ በፀረ እንግዳ አካል ማቅለም ወይም ማሽኑ እነሱን ብቻ እንዲፈልግ በማድረግ። ቀጥሎ ፕሮቲኑ በላቦራቶሪ ሕዋስ ውስጥ ሲጠፋ ካንሰሩ ይሞታል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ካንሰሩ ካልሞተ ፕሮቲኑ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒት ዒላማ ግን አይሆንም። ከዚያ የታማሚ ካንሰር የተተከለባቸው አይጦች፣ ከዚያም በሕፃናት ላይ የሚደረግ ሙከራ ይመጣሉ።

ለሕዋስ ሕክምና፣ ማለትም የታማሚው የመከላከያ ሕዋሳት ካንሰሩን እንዲያጠቁ ተለውጠው ለሚመለሱበት ሕክምና፣ የሚፈለገው በካንሰሩ ገጽ ላይ ያለ፣ ለሕይወት የግድ በሚያስፈልግ ጤነኛ አካል ላይ ግን የሌለ ፕሮቲን ነው። ሲዲ19 የተመረጠው ለዚህ ነው፤ አብረው የሚጠፉት ጤነኛ ቢ ሕዋሳት ሳይኖሩ ልጁ በእንክብካቤ መኖር ይችላል። እሱን ዒላማ ያደረገው ቲሳጀንሌክሉሴል በ2017 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። አንዳንድ ሉኪሚያዎች ግን ሲዲ19ን ጥለው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ለሁለተኛ ዙር ከመወሰኑ በፊት ፕሮቲኑ አሁንም አለ ወይ ተብሎ እንደገና መለካት አለበት።

የዘዴውን ገደብ ለማስታወስ ያህል፣ በከፍተኛ አደጋ ላይ ላለ ኒውሮብላስቶማ (ከነርቭ ሕዋሳት የሚነሣ የትንንሽ ልጆች ካንሰር) በ2015 የተፈቀደው ዲኑቱክሲማብ የሚያርፍበት ጂዲ2 ፕሮቲን አይደለም፤ ስኳር የተያያዘበት ቅባት ነው። የፕሮቲን ትንተና ብቻውን ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ወላጅ ነኝ። ፈቃዴን ብሰጥ ልጄ ምን ይጠቀማል፣ ምን ይጎዳል?

በአብዛኛው ልጅዎ በቀጥታ አይጠቀምም፤ ይህን በግልጽ ሊነግሩዎት ይገባል። ውጤቱ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ለሚታመሙ ልጆች ነው። በደንብ በተዘጋጀ ጥናት ለምርምር ተብሎ ተጨማሪ መርፌ አይወጋም፤ ለሕክምናው መቅኔ በሚወሰድበት ጊዜ ጥቂት ሚሊሊትር ይጨመራል፣ ወይም ከምርመራ የተረፈው ይወሰዳል። ናሙናው በስም ሳይሆን በኮድ ይቀመጣል።

ከመፈረምዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ናሙናው ከአገር ይወጣል ወይ? ለስንት ዓመት ይቀመጣል? ሐሳቤን ብለውጥ ይወገዳል ወይ? በዘር የሚተላለፍ ነገር ቢገኝ ይነገረኛል ወይ? እምቢ ቢሉ ሕክምናው በምንም አይቀየርም። ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት የራሱን ፈቃድ ይጠየቃል።

የምርምር ውጤት ይመጣል ብለው ኬሞቴራፒን አያዘግዩ። የልጅዎን ሕክምና የሚወስኑት ዛሬ በሆስፒታሉ ያሉት ምርመራዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ሆኖ በዚህ ዘርፍ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ጥያቄው ግን ለአገሩ ችግር የሚመጥን መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ በ2018 የጀመረው ዓለም አቀፍ ጥረት በ2030 ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ያለመ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የማስ ስፔክትሮሜትር እጦት ሳይሆን ዘግይቶ መምጣት፣ የተሳሳተ ምርመራ፣ ሕክምና ማቋረጥ፣ የመድኃኒት መጥፋትና ኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ በጥቁር አንበሳ፣ በጅማ፣ በጎንደር ወይም በመቀሌ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ላለ ተመራማሪ አስተማማኝ ፍሎው ሳይቶሜትሪና በፀረ እንግዳ አካል ማቅለም መዘርጋቱ ራሱ ሕይወት የሚያድን የፕሮቲን ሥራ ነው።

ሰፊውን ትንተና ለሚፈልግ ናሙናውን እዚሁ አዘጋጅቶ ልኬቱን ውጭ ማሠራት ይቻላል። ፔፕታይዶቹ ደርቀው ከተላኩ ከቀዘቀዘ ሕብረ ሕዋስ ይልቅ መንገዱን ይችላሉ፤ ደረቅ በረዶው ጉምሩክ ላይ አልቆ ናሙናው የመቅለጡ አደጋም ይቀንሳል። ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሌላ የናሙና ዝውውር ስምምነት ያስፈልጋል፤ በስምምነቱ ውስጥ መረጃው የማን እንደሆነ፣ የተረፈው ናሙና ምን እንደሚሆንና ትንተናውን ማን እንደሚሠራ ከመላኩ በፊት ይጻፍ። ናሙና ልኮ ስምን በጽሑፉ መጨረሻ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ የኢትዮጵያ ተማሪ መረጃውን ራሱ መተንተን አለበት።

ለማመልከት ምን ዝግጅት ይረዳል?

ከባዮኬሚስትሪ መሠረት ቀጥሎ አር ወይም ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ኮድ ቋንቋ በደንብ መቻል ነው፤ ከጥናቱ ጊዜ ብዙው የሚያልፈው ከማሽኑ አጠገብ ሳይሆን ከመረጃው ጋር ነው። በስዊድን የሙሉ ጊዜ የዶክትሬት ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ ተማሪውም በአብዛኛው ደሞዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ሆኖ ይሠራል። ቦታዎቹ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣሉ። የማመልከቻ ደብዳቤው የዚያን ቡድን አንድ የታተመ ሥራ አንብቦ የሚጠይቅ ይሁን፤ ለሁሉም የሚላክ አንድ ዓይነት ደብዳቤ በመጀመሪያው መስመር ይታወቃል።

ማሽን ሳይኖርም መለማመድ ይቻላል። በእንግሊዝ አገር ያለው ፕራይድ የተባለው ክምችትና የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት የፕሮቲን መረጃ ቋት የታተሙ ጥናቶችን መረጃ በነፃ ያስቀምጣሉ። ከላይ የተጠቀሰው የ218 ዕጢዎች መረጃም ለሕዝብ ክፍት ነው። በመጀመሪያ የተዘጋጀውን የፕሮቲን ሰንጠረዥ አውርዶ ባዶ ቦታዎቹን መቁጠር፣ ናሙናዎቹ በዕጢ ዓይነት ይቧደኑ ወይስ በተሠሩበት ዙር ብሎ ማየት፣ ከዚያም በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች አንዱን በራስ ኮድ እንደገና ለማውጣት መሞከር ጥሩ ጅምር ነው። ጥሬው መረጃ በጣም ትልቅ ስለሆነ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ሰንጠረዡ ብቻ ይበቃል፤ ኮዱንና ሥዕሉን ከማመልከቻው ጋር አያይዞ መላክ ይቻላል።